የባሮክ ዘመን የኪሩብ ንድፍ እንዴት ይታያል?

ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ፊት ሰው ይቆማል። መዳፍ የምታክል ቡናማ ወረቀት ፊት ግን ብዙ የሚቆይ የለም። በተለይ ወረቀቱ ላይ ያለው በአውሮፓ ሥዕል ኪሩብ የሚባለው ድንቡሽቡሽ ያለ ክንፋም ሕፃን ከሆነ «ሲያምር!» ተብሎ ይታለፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ ባለው የአውሮፓ ሥነ ጥበብ የባሮክ ዘመን ከተሠሩት ነገሮች ውስጥ የሠዓሊውን እጅ እንደ ብዕር ንድፍ ቀርበን የምናይበት የለም። የዘይት ሥዕሉ ተለስልሶ፣ ተጠናቆ ለደንበኛ የተሰጠ ሥራ ነው። ንድፉን ግን ሠዓሊው ለራሱ ሲያስብ ነው የጣለው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሐሳብ ቀላል ነው። ሕፃኑን ከማድነቃችን በፊት ብዕሩ የሄደበትን መንገድ እንከተል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ አንድ ንድፍ ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው ጉዌርቺኖን ነው። ትክክለኛ ስሙ ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ባርቢየሪ ነው። በ1591 በሰሜን ጣሊያን ቼንቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ በ1666 ቦሎኛ ውስጥ ሞተ። ዓይኑ ሸውራራ ስለነበር ቅጽል ስሙ ከዚያ መጣ። ያ ዓይን ግን ብርሃንና ጥላን በማየት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በብዕርና በቡናማ ቀለም የሠራቸው ንድፎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ትልቁ ክምችት እንግሊዝ አገር ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ይገኛል። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሠዓሊው ወራሾች እጅ ያስገዛው።

የብሪታንያ ንጉሣዊ ክምችት፣ የብሪቲሽ ሙዚየም፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እና የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም ንድፎቻቸውን በነፃ ድረ ገጻቸው ላይ አውጥተዋል። በሠዓሊው ስም ፈልጉና ክንፋም ሕፃን ያለበትን አንዱን ክፈቱ። በስልክ ከምታዩ በኮምፒውተር ብታዩ ይሻላል። ፎቶውን ዙም አድርጋችሁ የወረቀቱን ቃጫ እስክታዩ ድረስ መቅረብ መቻል አለባችሁ። ይህ ካልሆነ ሌላ ፎቶ ፈልጉ። በደበዘዘ ፎቶ የሚገኝ ነገር የለም።

መግለጫውን ገና አታንብቡ።

ሁለተኛ፦ ክብደቱ የት ነው?

ቅርብ ከመሄዳችሁ በፊት ንድፉን ሙሉውን እዩ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ሕፃን በምን ላይ ነው ያረፈው? ደመና ላይ ተቀምጧል? በሆዱ ተኝቷል? ወይስ አየር ላይ ነው?

ኪሩብ ለሠዓሊ ከባድ የቤት ሥራ ነው። ሕፃን ከባድ ነው፤ ሥጋው ሞላ ያለ ነው፤ ግን መብረር አለበት። ጎበዝ ሠዓሊ ክብደቱን አያጠፋውም። ጭኑ ደመናው ላይ ሲያርፍ ሥጋው ተጨፍልቆ ይሰፋል፤ ደመናውም ትንሽ ይሰረጉዳል። የሚበር ከሆነ ደግሞ አንዱ እግር ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ሌላው ይታጠፋል፣ ወገቡ ይዞራል። ትከሻውና ዳሌው በተለያየ አቅጣጫ እንደዞሩ አስተውሉ። ባሮክ ቀጥ ብሎ የቆመ አካል አይወድም።

ፎቶውን ገልብጣችሁ ከላይ ወደ ታች ማየትም ይረዳል። ሕፃኑ ሕፃን መሆኑ ይጠፋና ጥቁርና ነጭ ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። የትኛው ወገን እንደሚከብድ ያኔ ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛ፦ ንብርብሩን ለዩ

አሁን ዙም አድርጉ። ብዙዎቹ ንድፎች ከአንድ በላይ ሽፋን አላቸው። ከሥር ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቀይ ጠመኔ አለ፤ ፈዛዛ፣ ሻካራ፣ የተበተነ መስመር ነው። ከዚያ በላይ ብዕር አለ። በብዕሩ ላይ በብሩሽ የተቀባ፣ በውሃ የቀጠነ ቀለም ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነጭ ቀለም ጠብ ጠብ ይደረጋል። ጉዌርቺኖ ብዙ ጊዜ ጠመኔውን ትቶ በቀጥታ በብዕር ይጀምር ነበር።

የሚያስደስተው ሽፋኖቹ የማይስማሙበት ቦታ ነው። ጠመኔው ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶታል፤ ብዕሩ ግን ዝቅ አድርጎታል። ወይም አንድ እግር ሁለት ጊዜ ተስሏል፤ አንዱ ፈዛዛ፣ ሌላው ደማቅ። ይህ ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሠዓሊው «እዚህ ይሁን? አይ፣ እዚያ ይሻላል» ያለበት ቅጽበት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ የትኛው መጀመሪያ እንደመጣ ለማወቅ ሞክሩ። የኋለኛው ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ይረግጣል፣ የቀደመውን አቋርጦ ያልፋል።

አራተኛ፦ መስመሩን ተከተሉ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ብዕሩ የዝይ ላባ ነበር። ጫፉ በቢላ ይቀረጽና መሐሉ ይሰነጠቃል። ሲጫኑት ስንጥቁ ይከፈታል፣ መስመሩ ይወፍራል፤ ሲያቀሉት ይዘጋል፣ መስመሩ ይቀጥናል። ስለዚህ ወፍራምና ቀጭኑን በማየት ብቻ የእጁን ጫና ማንበብ ይቻላል። ከሕፃኑ ጀርባ ጀምሩ። ከማጅራቱ እስከ መቀመጫው የሚወርደው መስመር የት ቀጠነ? የት ወፈረ? ብርሃን በሚመታው በኩል መስመሩ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። በጥላው በኩል ደግሞ ይወፍራል።

መስመሩ የሚቋረጥበትን ቦታ በተለይ ፈልጉ። ሆዱ ላይ፣ ጉንጩ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። ዓይናችሁ ግን ክፍተቱን ራሱ ዘግቶታል፤ መስመር የሌለበት ቦታ ላይ ክብ ሆድ አይታችኋል። ሠዓሊው ይህን ያውቃል። ልምድ የሌለው ገልባጭ ግን ሆዱን ዙሪያውን በአንድ ወጥ መስመር ያጥረዋል፤ ሕፃኑም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ የጭረቱን ጅማሬና መጨረሻ እዩ። ብዕሩ ገና ከቀለሙ ሲወጣ እርጥብና ጥቁር ነው። እየሄደ ይደርቃል፣ ይገረጣል። ድንገት እንደገና የሚጠቁርበት ቦታ ሠዓሊው ብዕሩን የነከረበት ነው። ይህን እየተከተላችሁ የሥራውን ቅደም ተከተል በከፊል መልሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ከሕፃኑ ራስ ነው የጀመረው፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ነከር አድርጎ ጭኑን።

ጥላ ለመስጠት ጎን ለጎን የሚሰመሩ ደቃቅ ጭረቶችም አሉ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ ይጭራል። ሁሉም ጭረቶች በተቃራኒው ካዘነበሉ ሠዓሊው ግራኝ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይሆናል። በጠመኔ የተሠራ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ወረቀት ተጭኖበት የተነሣ ግልባጭ ሊሆን ይችላል። ጭረቶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ የጭኑን ክብነት ይከተላሉ? ጎበዙ ሰው ጭረቱን ከሥጋው ጋር ያጎብጠዋል። ጉዌርቺኖ ደግሞ ፊትና ሥጋ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ጭረቱን ትቶ ነጠብጣብ ይጠቀማል። ቆዳው ለስላሳ መስሎ የሚታየው በዚያ ነው።

አምስተኛ፦ ጥላውንና ባዶውን ወረቀት

በብሩሽ የተቀባውን ቀጭን ቀለም ስታዩ አንድ ነገር አስታውሱ፦ በብዙዎቹ የብዕር ንድፎች ላይ ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። የሕፃኑ ትከሻ የሚያበራው ነጭ ስለተቀባ ላይሆን ይችላል። ዙሪያው ጨልሞ እሱ ባዶ ስለተተወ ነው።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ ጠቁሙ። ከላይ ከግራ? እንግዲያው ጥላው በቀኝ በኩል፣ ከአገጩ ሥር፣ ከብብቱ ሥር፣ ከክንፉ ሥር መኖር አለበት። የብሩሹን ጠርዝም እዩ። አንዱ ወገን ጥርት ብሎ ሲቆም ሌላው በውሃ ተለስልሶ ይጠፋል። ጥርት ያለው ጠርዝ ቀለሙ ሳይነካ የደረቀበት ነው። የለሰለሰው ሠዓሊው በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ቶሎ የነካው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ቀለሙን ቶሎ ይጠጣልና መመለስ የለም። አንድ ሰፊ የብሩሽ ምት ደመናውንም፣ የሕፃኑን ጀርባ ጥላም አብሮ ሲሠራ ካያችሁ የሠዓሊውን ድፍረት አይታችኋል።

ስድስተኛ፦ አካሉን እዩ

ትልቅ ሰው ቁመቱ ሰባት ተኩል ራስ ያህል ነው። ገና የተወለደ ሕፃን አራት ራስ ገደማ ይሆናል። ኪሩቡን በገዛ ራሱ፣ ከአናቱ እስከ አገጩ ባለው ርዝመት፣ ለኩት። አምስት ራስ ከሆነ ሠዓሊው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልጅ አስቦ ነው። ሰባት ከደረሰ ትንሽ የተደረገ ትልቅ ሰው ነው የሳለው፤ በቀደሙት ዘመናት ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል።

የባሮክ ሕፃን እውነተኛ ሕፃን እንዲመስል ብዙ የደከመው የብራስልሱ ተወላጅ ቀራፂ ፍራንሷ ዱኬኖይ ነው (1597–1643)። ሮም ሲደርስ ከጓደኛው ከሠዓሊው ፑሳን ጋር የቬኒሱን ሠዓሊ የቲሲያኖን ሥዕል አጠና፤ ሥዕሉ ሕፃናት ተሰብስበው የሚጫወቱበት ነው። ከዚያ ወዲህ የሱ ሕፃናት የእጅ አንጓቸው ላይ እጥፋት፣ ጉልበታቸው ላይ ስርጉድ፣ ለስላሳ ሆድ አላቸው። የቅርጾቹ የጄሶ ግልባጮች በየሠዓሊው ቤት ገቡ። ሠዓሊዎች ቤት ሕፃን ባይኖርም በሻማ ብርሃን እያዞሩ የሚስሉት የጄሶ ሕፃን ነበራቸው። በንድፋችሁ ላይ እጅ አንጓው ጋ በክር የታሠረ የምትመስል አንዲት አጭር ጭረት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አለች። የሕፃንነቱን ግማሽ የምትነግረን እሷ ናት።

ቀጥሎ፦ ሕፃኑን ከየት ሆነን ነው የምናየው? ውስጥ እግሩ፣ የአገጩ ሥርና የአፍንጫው ቀዳዳ ከታዩ ከታች ሆነን ነው። ይህ ማለት ንድፉ ምናልባት ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወይም ከመሠዊያ በላይ ከፍ ብሎ ለሚሰቀል ሥዕል የታሰበ ነው። ጭኑ አጥሮ፣ ጉልበቱ ወደ እኛ መጥቶ ሲታይ «እግሩ አጥሯል» አትበሉ። ራሳችሁን ወደ ላይ አቅንታችሁ እንደምታዩት አስቡት፤ ይስተካከላል።

ስለ ክንፉ ብዙ አልልም። በንድፍ ላይ ብዙ ጊዜ በሦስት በአራት ጭረት ያልቃል። ከትከሻ አጥንቱ ጋር የተገናኘ መስሎ መታየቱን ብቻ አረጋግጡ።

ሰባተኛ፦ ምን እያደረገ ነው? ማንስ ነው?

አሁን ትርጉም መጠየቅ ይቻላል። እጁን እዩ። ቀስትና ፍላጻ ከያዘ መልአክ ላይሆን ይችላል፤ የጥንት ሮማውያን የፍቅር አምላክ ኩፒድ ነው። የእሾህ አክሊል፣ ችንካር ወይም መስቀል ከያዘ የክርስቶስን ሕማም የሚያስታውስ መልአክ ነው። ዘንባባና የአበባ አክሊል ይዞ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ከሥሩ ሰማዕት አለ ማለት ነው፤ ንድፉ ላይ ባይታይም። መጋረጃ የሚገልጥ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ሊያሳየን ነው።

ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ መከተል አትርሱ። ኪሩብ ብዙውን ጊዜ የትልቅ ሥዕል ቁራጭ ነው። የሚያየው ነገር ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል። ወደ ታች በጉጉት የሚያይ ከሆነ እመቤታችንን ወይም ሕፃኑን ኢየሱስን ሊሆን ይችላል።

እኛ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ኪሩቤል መንበሩን የሚሸከሙ፣ በነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ አራት ፊት ያላቸው ናቸው። ድንቡሽቡሹ ሕፃን የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሮማውያን በድንጋይ የሬሣ ሣጥን ላይ ክንፋም ሕፃናት ይቀርጹ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዶናቴሎና ሌሎች የፍሎረንስ ቀራፂዎች እነዚያን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገቧቸው። በ1563 የተጠናቀቀው የትሬንት ጉባኤ የካቶሊክ ሥዕል ምእመኑን እንዲያስተምርና ልቡን እንዲነካ ካዘዘ በኋላ ደግሞ ሰማይ የሚከፈትባቸው ትልልቅ ሥዕሎች በዙ፤ በምድርና በሰማይ መካከል ያለውን ደመና የሞሉት እነዚህ ሕፃናት ናቸው።

የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰው እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለው። እዚያም ክንፍ ያላቸው ራሶች ናቸው። ግን ዙሪያቸው በጥርት ያለ፣ ወጥ መስመር ተከቧል፣ ዓይናቸው ሰፊ ነው፣ ጣሪያውን በሥርዓት ተሰልፈው ሞልተውታል። የእነሱ ኃይል ከጥራትና ከብዛት ይመጣል። የባሮኩ ደግሞ ከመቆራረጥና ከመዞር። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱ፤ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

ስምንተኛ፦ ቀለሙና ወረቀቱ

ቡናማው ቀለም ሁልጊዜ ቡናማ አልነበረም። የዘመኑ ዋና ቀለም የሚሠራው ከኦክ ዛፍ እባጭ፣ ከብረት ጨው፣ ከግራር ሙጫና ከውሃ ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ገርጣ ያለ ነው፤ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ በዘመናት ብዛት ደግሞ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ችግሩ አሲድ ስላለው ወረቀቱን ይበላል። የጉዌርቺኖ አንዳንድ ወረቀቶች ቀለሙ በበዛበት ቦታ ተሰንጥቀዋል። በጥቁር መስመሮች ዙሪያ የተቃጠለ የሚመስል ቡናማ ጥላ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላው የተለመደ ቀለም ከእንጨት ጥላሸት የሚሠራ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፤ እሱ ወረቀት አይበላም። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ስለሚከብድ ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ «ቡናማ ቀለም» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። የእኛ ጸሐፍት በመቃ ብዕር የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት በመሆኑ ብራናው ላይ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው።

ወረቀቱ የተሠራው ከአሮጌ የበፍታ ጨርቅ ነው። ወደ ብርሃን ሲይዙት የወንፊቱ ሽቦ የተዋቸው ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ዕድለኛ ከሆናችሁ የወረቀት ፋብሪካው የውሃ ምልክትም አለ። ሙዚየሙ የወረቀቱን ጀርባ ፎቶ ካወጣ እሱንም ክፈቱ፤ ወረቀት ውድ ስለነበር ከኋላ ሌላ ንድፍ ወይም ሒሳብ ማግኘት የተለመደ ነው።

ዘጠነኛ፦ ስሙን ቶሎ አትመኑ

ከታች ጥግ ላይ የታላቅ ሠዓሊ ስም ተጽፎ ካያችሁ ፊርማ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ባለቤት ወይም ነጋዴ የጻፈው ነው። የቀለሙን ዓይነት ከንድፉ ቀለም ጋር አስተያዩ፤ ከተለየ ጠርጥሩ።

ትናንሽ ማኅተሞች ግን ወርቅ ናቸው። የሰብሳቢዎች ምልክት ናቸው። ለምሳሌ የእንግሊዙ ሠዓሊ ፒተር ሌሊ በ1680 ሲሞት ንድፎቹ ላይ የስሙ መነሻ ፊደላት ታተሙ። የሆላንዱ ፍሪትስ ሉክት እነዚህን ማኅተሞች ሰብስቦ በ1921 መዝገብ አድርጎ አሳተመ፤ ባለሙያዎች ዛሬም የሚፈልጉት እዚያ ነው። አሁን የሙዚየሙን መግለጫ አንብቡ። «የ... ሥራ» እና «ከ... ወገን» የሚሉትን ለዩ። ሁለተኛው ረዳት፣ ተማሪ ወይም ተከታይ ማለት ሊሆን ይችላል። ጉዌርቺኖን ደግሞ ያስመሰሉ ብዙ ናቸው። በአራተኛው ደረጃ ያያችሁትን ክፍት መስመር እዚህ አስታውሱ፤ አስመሳይ የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

አሥረኛ፦ ቅዱት

የሚነከር ብዕር ካላችሁ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ በቀለም የሚሞላ እስክሪብቶ ይበቃል። ሙሉውን ኪሩብ አትሞክሩ። አንድ እግር ወይም አንድ እጅ ምረጡ። መጀመሪያ በቀስታ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ ቅዱ። ከዚያ ያንኑ እግር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሥሩ። በዝግታ ስትሠሩ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ በፍጥነት ስትሠሩ ቅርጹ ይጠፋል። ጉዌርቺኖ ሁለቱንም አንድ ላይ እንዴት እንደያዘ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመለሱ፤ ቅድም ያላያችኋቸው ጭረቶች ይወጣሉ።

እውነተኛውን ማየት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ንድፎች ብርሃን ስለሚጎዳቸው በአብዛኛው በሣጥን ተዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሲታዩም በደብዛዛ ብርሃን፣ 50 ሉክስ ገደማ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሆኖም ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም እና ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል በቀጠሮ ንድፍ የሚያሳዩ የጥናት ክፍሎች አሏቸው። ምሁር መሆን አያስፈልግም። የምትፈልጉትን ንድፍ የመዝገብ ቁጥር ከድረ ገጹ ጻፉና አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ስትሄዱ እጃችሁን ታጠቡ፣ እርሳስ ብቻ ያዙ፣ እስክሪብቶ አይፈቀድም። ማጉያ መነጽርና ያያችሁትን ቶሎ የምታሰፍሩበት ደብተርም አትርሱ።